ጁሊያን ሽዊንገርና የቀዝቃዛው ውሕደት ጥያቄ

ሁለት የአቶም እምብርቶች (ኒውክሊየሶች) ተዋሕደው አንድ ከባድ እምብርት እንዲሆኑና ከዚያም ታላቅ ኃይል እንዲፈልቅ፣ በፀሐይ ውስጥ ያለውን የመሰለ ብርቱ ትኩሳት የግድ ያስፈልጋል? ወይስ በተራ የክፍል ሙቀት፣ በአንድ ብርጭቆ ከባድ ውሃ ውስጥ በተነከረ የብረት ዘንግ ይኸው ሊፈጸም ይችላል? ይህ ጥያቄ በ1989 በዓለም የሳይንስ ሰዎች ፊት በድንገት በቀረበ ጊዜ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አይቻልም የሚል መልስ ሰጥተው ወደየሥራቸው ተመለሱ። ነገሩ በሚገባ አልተመረመረም ብለው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ግን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ከተነሡት የፊዚክስ ጠበብት በግንባር ቀደምትነት የሚቆጠሩት የኖቤል ተሸላሚው ፕሮፌሰር ጁሊያን ሽዊንገር ይገኙ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ማስታወስና፣ በመጨረሻ ዘመናቸው ያቀረቡትን ትንታኔ ከሌሎቹ ጋር አመዛዝኖ ማየት ነው። ነገሩ ለማኅበራችን አባላት የሩቅ ሀገር ታሪክ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የገጠር ቤተሰባችን ዛሬም የሚያበስለው በማገዶ ነው። እንዲህ ባለ ሀገር ርካሽና ማለቂያ የሌለው ኃይል ተገኘ የሚል ወሬ ፈጥኖ ጆሮ ያገኛል፤ ወሬውን መዝኖ እውነቱን እንዲናገር የሚጠየቀውም የሙያው ባለቤት ነው። ስለሆነም ሚዛኑ ምን መምሰል እንዳለበት ማወቅ ይገባናል። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።

ወጣትነትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ጁሊያን ሽዊንገር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1918 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ከፖላንድ የመጣ የአይሁድ ቤተሰብ ሲሆን፣ አባታቸው በልብስ ምርት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የዘመኑን የፊዚክስ መጽሔቶች በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ያነቡ ነበር። ወደ ሲቲ ኮሌጅ ከገቡ በኋላም ጊዜያቸውን በሙሉ ለዚሁ ንባብ ስለሰጡት በሌሎቹ ትምህርቶች የሚያገኙት ውጤት የሚያስመሰግን አልነበረም።

ከዚህ ችግር ያወጧቸው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኢሲዶር ራቢ ናቸው። በ1935 ራቢ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በኳንተም መካኒክስ ጉዳይ ሲከራከሩ፣ በአጠገባቸው የነበሩት የ17 ዓመቱ ሽዊንገር በአንድ የሒሳብ ቲዎረም ክርክሩን ዘጉላቸው። ራቢም በነገሩ ተደንቀው ወደ ኮሎምቢያ እንዲዛወሩ አደረጉ። በ1936 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1939 ደግሞ ገና በ21 ዓመታቸው የዶክትሬት ማዕረጋቸውን አገኙ።

ከዚያ ዘመን ሥራዎቻቸው አንዱ ለዚህ ጽሑፍ ልዩ ትርጉም አለው። በ1937 ከኤድዋርድ ቴለር ጋር ሆነው ዝግተኛ ኒውትሮኖች ከሃይድሮጂን ሞለኪውል ጋር ሲጋጩ የሚሆነውን ተነተኑ። ዝግተኛው ኒውትሮን የሞገድ ርዝመቱ በሞለኪውሉ ውስጥ ባሉት ሁለት ፕሮቶኖች መካከል ካለው ርቀት ስለሚበልጥ፣ ከአንዱ ወይም ከሌላው ፕሮቶን ጋር ተጋጨ ሊባል አይችልም፤ ከሁለቱ የሚመለሱት ሞገዶች አንድም ይደጋገፋሉ፣ አንድም ይጠፋፋሉ። ከዚህም የተነሣ የኑክሌር ኃይሎች በስፒን ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን ለመፈተን በር ተከፈተ። ጉልበቱ ዝቅ ባለ መጠን እምብርቱ ለብቻው የሚሠራ ሳይሆን አካባቢውም የሚገባበት መሆኑን ወጣቱ ሊቅ ገና በ19 ዓመታቸው በሒሳብ አይተውታል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በሌላ መልክ ወደ አእምሯቸው ተመልሷል።

ከዶክትሬታቸው በኋላ በበርክሌይ ከሮበርት ኦፐንሃይመር ዘንድ ሠሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኤም.አይ.ቲ. የጨረር ላቦራቶሪ ውስጥ ለራዳር የሚያገለግሉትን የሞገድ መምሪያ ቱቦዎች ጽንሰ ሐሳብ ሲያዳብሩ ቆይተው፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሃርቫርድ ተሻገሩ። በ1947 በ29 ዓመታቸው ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ። ሌሊት እየሠሩ ቀን የሚተኙ፣ በትምህርት ክፍል ግን ወረቀት ሳይዙ ጥርት ያለ ንግግር የሚያፈሱ መምህር ነበሩ። ከ70 በላይ የዶክትሬት ተማሪዎችን አስመርቀዋል፤ ከእነዚህም መካከል ሮይ ግላውበር፣ ቤን ሞተልሰን፣ ሼልደን ግላሾውና ዋልተር ኮን በየጊዜያቸው ለኖቤል ሽልማት በቅተዋል።

አንድ ቁጥር

የሽዊንገርን ስም በፊዚክስ ታሪክ ያጸናው ሥራ የተከናወነው በዚሁ በ1947 ነው። በዚያ ዓመት በሼልተር ደሴት በተደረገው ስብሰባ ላይ ነባሩ የኤሌክትሮን ጽንሰ ሐሳብ ከሙከራ ጋር በጥቂቱ እንደማይገጥም ተገለጸ። ሒሳቡን በጥልቀት ለማስላት የሞከረ ሁሉ ወደ ወሰን አልባ ቁጥር ይደርስ ስለነበር መንገዱ የተዘጋ ይመስል ነበር። ሽዊንገር ግን የዓመቱ መጨረሻ ሳይደርስ የኤሌክትሮን መግነጢሳዊ አቅም ከቀድሞው ስሌት በምን ያህል እንደሚበልጥ አሰሉ። መልሱ አልፋ ለሁለት ፓይ፣ ማለትም 0.00116 ገደማ ሲሆን፣ በሙከራ ከተገኘው ልክ ጋር ተስማማ። ሺን-ኢቺሮ ቶሞናጋና ሪቻርድ ፋይንማን በየራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ጽንሰ ሐሳብ ደረሱ፤ የሦስቱ መንገዶች አንድነትም በ1949 በፍሪማን ዳይሰን ተረጋገጠ። ሦስቱ ሊቃውንት በ1965 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ይህ ሥራ እንደ መለኪያ ሆኖ እንዲያገለግለን እንያዘው። ሽዊንገር በ1947 ያመጡት ሐሳብ እንግዳ፣ ሒሳቡም ብዙዎችን ግራ ያጋባ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻ አንድ ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥሩም በሙከራ ሊፈተን የሚችል ነበር። ሐሳቡን ያጸደቀው የደራሲው ዝና አልነበረም፤ ዝናው ራሱ ከዚያ ቁጥር የመጣ ነው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሽዊንገር የምንጭ ጽንሰ ሐሳብ የተባለ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ከብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ተለዩ። በ1971 ሃርቫርድን ትተው ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። አዲሱ መንገዳቸው እንደ ቀድሞው አልተከተሉትም። ይሁን እንጂ ብቻቸውን መቆምን እየለመዱት ሄዱ።

የ1989 ዜናና ሦስቱ መሰናክሎች

ማርች 23 ቀን 1989 ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞችን ሰብስበው፣ ከባድ ውሃን በፓላዲየም ዘንግ በኤሌክትሪክ ሲከፋፍሉ በኬሚካዊ ለውጥ ብቻ ሊገለጽ የማይችል ሙቀት ማግኘታቸውን አስታወቁ። የሙቀቱ ምንጭ የዲዩቴሪየም እምብርቶች ውሕደት ነው አሉ። ሐሳቡ ሥር የለውም ማለት አይቻልም፤ ፓላዲየም ሃይድሮጂንን በብዛት የሚመጥ ብረት ነው። በ1926 ሁለት ትውልደ ኦስትሪያ ኬሚስቶች፣ ፍሪትስ ፓኔትና ኩርት ፔተርስ፣ በፓላዲየም ውስጥ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ተለወጠ ብለው አስታውቀው፣ ያገኙት ሂሊየም ከብርጭቆና ከአየር የመጣ መሆኑን ሲረዱ ቃላቸውን በቅንነት መልሰዋል።

የ1989ኙን አባባል የሚያስረዳ ጽንሰ ሐሳብ ሁሉ ሦስት መሰናክሎችን ማለፍ አለበት።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መገፋፋት ነው። ሁለት አዎንታዊ እምብርቶች ሲቀራረቡ መካከላቸው ከፍ ያለ ተራራ ይቆማል። ከለሚ ኩራ ተነሥቶ በለገጣፎና በሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃንንም አልፎ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው በጣርማ በር ላይ ከተራራ ጋር ይገናኛል፤ ዋሻው ስላለ ግን ጫፉን ሳይወጣ በሆዱ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ጆርጅ ጋሞቭ በ1928 ያስረዱት በአቶም ዓለም ማንም ሳይቆፍረው እንዲህ ያለ ማለፊያ መኖሩን ነው። ከዋክብት የሚያበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ የአቶሙ ማለፊያ ለጥቂት ዕድለኞች ብቻ የሚከፈት፣ ተራራው በወፈረ ቁጥርም ዕድሉ በእጅጉ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑ ነው። ስቲቨን ኩኒንና ማይክል ናውንበርግ በ1989 እንዳሰሉት፣ በአንድ የዲዩቴሪየም ሞለኪውል ውስጥ ውሕደት በሴኮንድ የሚደርስበት ዕድል 3 × 10⁻⁶⁴ ነው። በፓላዲየም ውስጥ ደግሞ ዲዩቴሪየሞቹ በተራው ሞለኪውል ውስጥ ካሉት ይበልጥ የተራራቁ ናቸው።

ሁለተኛው መሰናክል የኒውትሮን አለመገኘት ነው። ሁለት ዲዩቴሪየሞች ሲዋሐዱ በግማሹ ገደማ ኒውትሮንና ሂሊየም-3፣ በቀረው ግማሽ ፕሮቶንና ትሪቲየም ይወጣሉ፤ ሂሊየም-4ና ጋማ ጨረር የሚሰጠው ሦስተኛው መንገድ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነው። ስለዚህ አንድ ዋት ሙቀት በዚህ ውሕደት ከመጣ፣ በየሴኮንዱ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን ያህል ኒውትሮን መውጣት ነበረበት። ይህን ያህል ኒውትሮን በአጠገቡ የቆመን ሰው ለከፋ ጉዳት ይዳርግ ነበር፤ ሙከራውን ያደረጉት ሰዎች ግን ደህና ነበሩ።

ሦስተኛው የኃይሉ መውጫ ነው። የሚፈልቀው ኃይል በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚቆጠር ሲሆን፣ የብረቱ አቶሞች ንዝረት ግን ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት መቶኛ ክፍሎች የማያልፉ እሽጎች (ፎኖኖች) የሚሸከሙት ነው። ኃይሉ ያለ ጋማ ጨረር ወደ ሙቀት ተለወጠ የሚል ሰው፣ አንድ ትልቅ ብር በአንድ ጊዜ ወደ መቶ ሚሊዮን ሳንቲሞች እንዴት እንደተመነዘረ ማስረዳት አለበት።

የሽዊንገር መልስ

በዚያ ዓመት ሽዊንገር 71 ዓመታቸው ነበር። የሌሎቹን መቻኮል አልወደዱትም። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በባዶ ስፍራ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚጋጩ እምብርቶች የምናውቀው ሁሉ፣ በብረት ውስጥ በሥርዓት ተደርድረው ስለሚኖሩት ላይሠራ ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ግርዶሹን የማለፍ ዕድልና የእምብርቱ ለውጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ሁለቱን ማባዛት ይበቃል። በሁለተኛው ግን መላው የአቶም ድርድር የሒሳቡ አካል ስለሆነ፣ ሁለቱን ነጣጥሎ ማባዛት አይገባም።

ከዚህም አልፈው አንድ ብልኅ ሐሳብ አቀረቡ። የሚዋሐዱት ሁለት ዲዩቴሪየሞች ሳይሆኑ አንድ ፕሮቶንና አንድ ዲዩቴሪየም ናቸው አሉ፤ ከባድ ውሃ ምንጊዜም ጥቂት ተራ ውሃ አይለየውምና። ውጤቱ ሂሊየም-3ና 5.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ሲሆን ኒውትሮን አይወጣበትም። ሁለተኛው መሰናክል በዚህ ተወገደ። ፕሮቶን ከዲዩቴሪየም ቀላል ስለሆነ ማለፊያውም ይቀልለታል፤ የኩኒንና የናውንበርግ ስሌት ለዚህ ጥንድ 10⁻⁵⁵ በሴኮንድ ያደርሰዋል። ለሦስተኛው መሰናክል ደግሞ ጋማ ጨረሩ ታፍኖ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ድርድሩ ንዝረት ይተላለፋል የሚል መፍትሔ ሰጡ።

አሁን እንመዝነው። ለሐሳቡ የሚመሰክሩ ሁለት እውነተኛ ነገሮች አሉ። አንደኛው በ1958 ሩዶልፍ ሞስባወር ያገኙት ክስተት ነው፤ በክሪስታል ውስጥ ያለ እምብርት ጋማ ጨረር ሲተፋ ግፊቱን መላው ድርድር በአንድነት ይቀበለዋል። ሁለተኛው በ1956 ሉዊስ አልቫሬዝና ባልደረቦቻቸው በበርክሌይ ያዩት ነው፤ ሙዮን የተባለው፣ ከኤሌክትሮን 200 ጊዜ ያህል የሚከብደው ቅንጣት ፕሮቶንንና ዲዩቴሪየምን አቀራርቦ ያለ አንዳች ትኩሳት አዋሐዳቸው፤ የተገኘውንም ኃይል ጋማ ጨረር ሳይሆን ሙዮኑ ራሱ ይዞት ወጣ። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሕደት በመርሕ ደረጃ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ያውም በዚያው ሽዊንገር በመረጡት ጥንድ።

ይሁንና ሁለቱም ምስክሮች ተመልሰው ይከራከሩታል። በሞስባወር ክስተት ድርድሩ የሚቀበለው ግፊትን ነው፤ ኃይልን ግን ከሞላ ጎደል አይቀበልም፤ የሽዊንገር ሐሳብ የሚሻው ተቃራኒውን ነው። ሙዮኑም ይህን ሊሠራ የቻለው እምብርቶቹን 200 ጊዜ ያህል አቅርቦ ስለያዛቸውና ራሱም ከጎናቸው ስላለ ነው። በብረት ውስጥ ያሉት ጎረቤት አቶሞች ግን ከእምብርቱ ስፋት ጋር ሲነጻጸሩ በአሥር ሺህዎች እጥፍ ርቀው የቆሙ ናቸው። ከዚህም ሌላ 10⁻⁵⁵ ከ10⁻⁶⁴ ቢሻልም፣ አንድ ዋት ለማግኘት ከሚያስፈልገው አሁንም እጅግ የራቀ ነው። በመጨረሻም ሐሳቡ ራሱ የሰጠው ፈተና አለ፦ ለእያንዳንዱ ዋት በየሴኮንዱ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን ያህል የሂሊየም-3 አቶም መገኘት ነበረበት። ይህን የሚያህል ሂሊየም-3 አልታየም፤ የሙቀቱ ደጋፊዎች ራሳቸው ዐይናቸውን ወደ ሂሊየም-4 አዙረዋል። በ1947 አንድ ቁጥር ሰጥቶ ያሸነፈው ሊቅ፣ በ1990 ያን ያህል ጥርት ያለና ሙከራ የደገፈው ቁጥር ሊሰጥ አልቻለም።

ከማኅበራቸው መለየታቸው

ሽዊንገር ሐሳባቸውን ጽፈው በአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሚታተመው ለፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ላኩ። ጽሑፉ ተመለሰ። እርሳቸውን ያስቆጣቸው መመለሱ ብቻ ሳይሆን፣ ከገምጋሚዎቹ የደረሳቸው አስተያየት ክርክራቸውን ሳይመረምር የሚያንቋሽሽ መስሎ ስለታያቸው ነበር። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስማቸው ከመጽሔቶቹ ጋር ሲጠራ ከኖረው ማኅበር አባልነታቸውን ሰርዘው ወጡ። ከባልደረቦች ጋር የመስማማት ግፊት ብርቱ መሆኑን፣ ሳንሱር ገለልተኛ ግምገማን ከተካውም ሳይንስ እንደሚሞት ይናገሩ ነበር። ጽሑፉ በ1990 በአንድ የጀርመን መጽሔት ወጣ፤ በሌላ የጀርመን መጽሔት የታተመው ሁለተኛ ጽሑፋቸው ደግሞ አዘጋጆቹ ኃላፊነቱን ከራሳቸው ላይ ያነሡበት ማስታወሻ ታክሎበት ነበር። ስለ ድርድር ንዝረት የጻፏቸው ሒሳባዊ ጥናቶች በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታትመዋል። ጁላይ 16 ቀን 1994 በሎስ አንጀለስ በቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ዐረፉ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ከስማቸው ጋር የተቀረጸው አልፋ ለሁለት ፓይ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

ጥያቄው ከሰውየው ጋር አልተቀበረም። በ2006 አለን ዊዶምና ሉዊስ ላርሰን፣ በብረት ገጽ ላይ የከበዱ ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶን ጋር ተዋሕደው ዝግተኛ ኒውትሮን ይፈጥራሉ፣ ኒውትሮን ደግሞ መሰናክል አያግደውም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ የመጀመሪያውን መሰናክል ያልፋል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ኒውትሮን 0.78 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ተቺዎች ያሰሉት ፍጥነትም ከተባለው እጅግ ያነሰ ሆኗል። በሌላ በኩል በ2019 በጉግል ኩባንያ ወጪ የተካሄደ የብዙ ላቦራቶሪዎች ምርመራ የተለየ ሙቀት አለመገኘቱን ገለጸ። በ2025 ግን የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በፕላዝማ የሚደበደብ ፓላዲየም በኤሌክትሪክ ኃይል ተጨማሪ ዲዩቴሪየም ሲመጥ የውሕደቱ ፍጥነት 15 ከመቶ ያህል እንደሚጨምር በኒውትሮን ቆጠራ አሳይተዋል። የተገኘው ኃይል ከአንድ ዋት ቢሊዮንኛ የማይዘል ሲሆን የገባው 15 ዋት ነው። ይህ የኃይል ምንጭ አይደለም። አካባቢው በእምብርቶች ውሕደት ላይ በጥቂቱም ቢሆን ለውጥ እንደሚያመጣ ግን የሚለካ ምስክር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ለይተን መያዝ ይገባናል። አንደኛው የሐሳቡ ፍርድ ነው፤ የሽዊንገር ማብራሪያ ከሦስቱ መሰናክሎች ሁለተኛውን አልፎ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ላይ ወድቋል፤ የኖቤል ሽልማት ሊያነሣው አልቻለም፣ ሊያነሣውም አይገባም ነበር። ሁለተኛው የአቀባበሉ ፍርድ ነው። ከላይ ያየናቸው መከራከሪያዎች በጥቂት ገጾች ሊጻፉ የሚችሉ ነበሩ። ከጽሑፉ ጋር ታትመው ወይም በአክብሮት ተጽፈው ለደራሲው ቢላኩ ኖሮ፣ ማኅበሩ አንድ ታላቅ አባል ባላጣ፣ ወጣት ተመራማሪዎችም የሚማሩበት ክርክር ባገኙ ነበር። ሐሳብን መጣልና ሰውን መጣል የተለያዩ ናቸው።

በእኛም ዘንድ፣ በአራት ኪሎ ቤተ ሙከራም ይሁን በአዲሶቹ የለሚ ኩራ የሥራ ስፍራዎች፣ ከተለመደው የወጣ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ባልደረባ አይጠፋም። ለእርሱ የሚገባው መልስ ጭብጨባም ፌዝም አይደለም። መሰናክሉ የቱ እንደሆነ፣ የሚጠበቀው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ልኬት ሐሳቡን እንደሚያጸድቀው ወይም እንደሚጥለው በጽሑፍ ማስረዳት ነው። የማኅበራችን ገምጋሚዎች ይህን ልማድ ካጸኑ፣ የተሳሳተው ሐሳብ በማስረጃ ይወድቃል፤ እውነት የያዘውም እያደር ይጠራል።